በቅጹ ላይ የጎደሉት ሰባት ዓመታት

በማተሚያ ቤቱ «እሜቴ አራት ነጥብ» ይሏታል። እሷ አይታ ሳታርመው ወደ ማሽን የሚገባ ገጽ የለም። ደራሲዎች ይፈሯታል፣ ማሽነኞች ያከብሯታል፣ ሥራ አስኪያጁ እንኳ አጭር ማስታወሻ ሲጽፍላት ሦስት ጊዜ አንብቦ ነው የሚልከው። እንዲህ ያለች ሴት በሕይወቷ እያወቀች ያሳለፈችው ከባድ ስህተት አንድ ብቻ ነው። እሱም ፊደል አልነበረም፤ ቁጥር ነበር። ይህ የዚያ ቁጥር ታሪክ ነው፤ የፍቅርም ታሪክ ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ መንገር አይቻልም።

ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንዲት ጠባብ መነጽር ቤት አለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቃቅኖቹ የግርጌ ማስታወሻዎች እንደ ጉንዳን ቢርመሰመሱባት እርሳሷን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች ተሻግራ ገባች።

ባለሙያው ጸጉሩን ማበጠር የረሳ የሚመስል ረጅም ወጣት ነው። ወንበር ላይ አስቀምጧት ከባዱን የሙከራ መነጽር አፍንጫዋ ላይ ጫነና ሌንስ እየቀያየረ ይጠይቃት ጀመር።

«ይኼ ይሻላል ወይስ ይኼ?»

«ይኼኛው።»

«አሁንስ? ግድግዳው ላይ ያለው ፊደል ጠራ?»

«ጠራ። ሦስተኛው መስመር ግን ተዛንፏል። ማን ነው ያተመላችሁ?»

ወጣቱ ዞሮ ሰሌዳውን አየ። ተጠጋና በጣቱ ለካው። እውነትም ተዛንፏል።

«ስድስት ዓመት ተሰቅሎ ሲኖር አንድ ሰው እንኳ ልብ አላለውም» አለ እየሳቀ።

«ሰው ዓይኑን ሊያሳይ ነው የሚመጣው፤ እኔ ግን ለማየት ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በኋላ ዓይኖቿን መመርመሩን ትቶ ዝም ብሎ አያቸው። እሷም ከዚያ ሁሉ ብረትና መስታወት ጀርባ ሆና አየችው። ደግነቱ ሌላ ደንበኛ አልነበረም።

መነጽሩ በሦስት ቀን ይደርሳል ያላት ሰው በማግስቱ ራሱ ይዞላት መጣ። በሳምንቱ ደግሞ እሷ «ብሎኑ ላላብኝ» ብላ ሄደች። ብሎኑን ያላላችው ራሷ ናት። እንዲህ እንዲህ እየተባባሉ በመንገዱ ማዶና ማዶ ፍቅር ያዛቸው፤ እሱ «ዓይኔ» ማለት ጀመረ፤ እሷም በሥራ ሰዓት በመስኮት መመልከት ጀመረች። በማተሚያ ቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የታተመ መጽሐፍ ገጽ አርባ ሁለትን ሁለት ጊዜ ይዞ ወጣ። ማንም አልተናገራትም።

ቁጥሩ የተበላሸው እናቱ ቤት ነው። እናቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ከዚህ ልጅ ሌላ የላቸውም። በመጀመሪያው ጉብኝት ሻይ አቀረቡና ነገር ሳያዞሩ ገቡበት።

«ልጄ ሠላሳ ሁለት ሊሞላው ነው። እኔ ደግሞ የልጅ ልጅ ማየት እፈልጋለሁ፤ አልደብቅሽም። ሚስት ከባሏ ብታንስ ይሻላል ባይ ነኝ። ለመሆኑ አንቺ ስንት ሞላሽ?»

እውነቱ ሠላሳ ሰባት ነበር። ከእሱ በፊት የመጣ አንድ ሰው ይህንኑ ሲሰማ «እደውላለሁ» ብሎ ሄዶ እስከ ዛሬ አልደወለም። ይህኛው እንዲሄድ አልፈለገችም። አፏ ከጭንቅላቷ ቀደመና «ሠላሳ» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እናቱ በደስታ «ልጄ!» ብለው ጉንጯን ሳሟት፤ ነገሩ በዚያው ታተመ። የጋብቻ ፊርማ በፈረሙ ቀን መታወቂያዋን በአውራ ጣቷ ሸፍና ራሷ ለጸሐፊው አቀበለችው። ጸሐፊው ጣቷን ለማላቀቅ መታገል ነበረበት።

ባገቡ በሰባተኛው ወር አረገዘች። በነገረችው ቀን ባሏ ሥራውን አቋረጠ። ወረቀት አነሳ፣ «በደስታ ምክንያት ተዝግቷል» ብሎ ጻፈና በሩ ላይ ለጠፈው። ከዚያ መንገድ ዳር ቆሞ አቀፋት። የተሳሳተውን ፊደል ከእቅፉ ውስጥ ሆና አየችው፤ ግን አላረመችውም፤ እያየችው አለቀሰች።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ወደ እርግዝና ክሊኒክ ሄዱ። ቅጽ ሰጧቸው። እሱ ትከሻውን ከትከሻዋ አስጠግቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያው መስመር ስም ነው፣ ጻፈች። ሁለተኛው መስመር ዕድሜ ነው። እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቀረ። በዓይኗ ጠርዝ አየችው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጥርስ ሥዕል በጥሞና እያጠና ነው። ሠላሳ አንድ ብላ ጻፈች። «እንደው ቅጽ ነው፤ ማን ያነበዋል» አለች ለራሷ፤ ኑሮዋን በሙሉ ማንም የማያነበውን ስታነብ የኖረች ሴት።

ወደ አልትራሳውንዱ ክፍል ሲገቡ ግን ቅጹ ተረሳ። ማያው ላይ አንዲት ትንሽ ፍጥረት ተገላበጠች፣ እግሯን ዘረጋች፣ እጇን ወደ ፊቷ ወሰደች።

«አየሽ? ሰላም አለችን!» ባሏ ከወንበሩ ተነሥቶ ማያው ውስጥ ሊገባ ደረሰ። «እባክዎ፣ ትንሽ ጥራት ቢጨምሩልን?»

«መነጽር ሠሪ ነው፤ ይታገሱት» አለች እሷ፤ እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ።

የክሊኒኩ አማካሪ የረጋች ሴት ናት። ከፅንሱ ማጅራት ሥር ያለው ፈሳሽ ከተለካና ከእናትየው ደም ከተወሰደ በኋላ ጠረጴዛዋ ጋ አስቀምጣቸው አስረዳቻቸው። በሰው ሕዋስ ውስጥ ሃያ ሦስት ጥንድ ክሮሞሶም አለ፣ በድምሩ አርባ ስድስት፤ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት። አንዳንዴ ሁለት መሆን ያለበት ሦስት ሆኖ ይመጣል። ሃያ አንደኛው ሦስት ሲሆን ዳውን ሲንድረም ይባላል። አሥራ ስምንተኛው ወይም አሥራ ሦስተኛው ሲሆን ደግሞ ከዚያ ይከብዳል፤ ብዙዎቹ ፅንሶች አይቆዩም። ይህ ምርመራ አለ ወይም የለም አይልም፤ ዕድሉ ምን ያህል ነው የሚለውን ብቻ ነው የሚናገረው።

«ታዲያ ያ ትርፍ ክሮሞሶም ስህተት ነው ማለት ነው?» አለች አራሚዋ።

አማካሪዋ ፈገግ አለች። «እኔ ስህተት አልለውም። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ይማራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ሥራ ይይዛሉ፣ እንደ ማንም ይኮርፋሉ። አንዳንዶቹ የልብ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ ቀድሞ ማወቁ ለዚያ ይረዳል። እኔ ልጅ ነው የምለው።»

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ፤ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ እናቶች ለአንዷ። ዝቅተኛ ነው። ባሏ ይህን ሲሰማ የአማካሪዋን እጅ ጨብጦ፣ በስህተት በሩ አጠገብ የቆመውን ሰው እጅም ጨብጦ፣ «እማዬ ጋ ልደውል!» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። ድምፁ እስከ ውስጥ ይሰማል።

እሷ ወረቀቱን ይዛ ቀረች። የሙያ ነገር ሆኖባት ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ይቺን ቁጥር ከምን አስልታችሁ ነው የምታወጧት?»

«ከአልትራሳውንዱ ልኬት፣ ከደሙ ውጤትና ከእናት ዕድሜ። እንዲያውም መነሻው ዕድሜ ነው። በዕድሜ ከፍ በተባለ ቁጥር ዕድሉም ከፍ ይላል። የእርስዎ ሠላሳ አንድ ስለሆነ ጥሩ መነሻ ነው ያለን።»

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የሌላ ሴት ቁጥር ነው። በውጭ በኩል ባሏ በስልክ «እማዬ፣ ምንም የለባትም! ምንም!» ይላል። እሷ ደግሞ ያንን «ምንም» የሠራችው ራሷ መሆኗን ታውቃለች። አሁን ብትናገር ዓመት ሙሉ ሲያምናት የኖረውን ሰው ልታጣው ትችላለች፤ ዝም ብትል ደግሞ ስለ ልጇ ማወቅ ያለባትን ሳታውቅ ትቀራለች። አማካሪዋን አመስግና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሥራዋ ላይ ተቀምጣ አንዲት መስመር አሥራ አንድ ጊዜ አነበበች። አልሆነም። ተነሥታ መንገዱን ተሻገረች። ባሏ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ሌንስ ይሞርዳል፤ ሲያያት ፊቱ በራ።

«ማሽኑን አጥፋው» አለችው። «አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ካልኩህ በኋላ የፈለግኸውን በለኝ፤ ግን አታቋርጠኝ። እኔ ሠላሳ አንድ አይደለሁም። ሠላሳ ስምንት ነኝ። ለእናትህ ዋሸሁ፣ ለአንተ ዋሸሁ፣ ለክሊኒኩም ዋሸሁ። ያ ቁጥር የኔ ቁጥር አይደለም።»

ማሽኑ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። እሱ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ዕድሜሽን። ማለቴ በግምት። ዓይኔ፣ እኔ እኮ ሥራዬ ነው። የመጀመሪያ ቀን ለንባብ የሰጠሁሽ ሌንስ የሠላሳ ዓመት ዓይን የሚጠይቀው ዓይነት አይደለም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር...» ጆሮውን አከከ። «አርባ መስለሽኝ ነበር።»

«አርባ?!»

«በግምት ነው አልኩሽ!»

እያፈረች የመጣች ሴት አሁን ነደደች። «እና እያወቅህ ነው የጥርስ ሥዕል ስታይ የነበረው? አጠገቤ ቁጭ ብለህ፣ የልጅህ ቅጽ ላይ የሐሰት ቁጥር ስጽፍ እያየህ?»

«ሒሳቡ ውስጥ እንደሚገባ በምን አውቄ! እንደማንኛውም ቅጽ መሰለኝ። ሰው ፊት ላሳፍርሽ አልፈለግሁም። ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ዓመት።» ጨርቁን አስቀመጠ። «የሄድሽብኝ እንደሆነ ብዬም ፈርቻለሁ። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትፈሪው?»

መንገዱ ላይ መኪና ያልፋል። አየችው፤ ጸጉሩ እንደ ልማዱ ተንጨባሯል፣ ጉንጩ ላይ የሌንስ ዱቄት አለ። ይህ ሰው አርባ መስላው ነው መነጽሯን በማግስቱ ይዞላት የሮጠው። እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«ክሊኒኩ በስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» አለ በጸጉሯ ውስጥ።

«በአሥራ አንድ።»

«አሁን አሥር ተኩል ነው። ተነሺ!»

እንዴት እንደደረሱ ለመናገር ያስቸግራል። እሱ ለመሮጥ ይፈልጋል፤ እሷን ማስሮጥ ደግሞ ይፈራል፤ ስለዚህ ሦስት እርምጃ እየሮጠ፣ ሁለት እየተመለሰ፣ ሰዉን ሁሉ መንገድ እየለመነላት ሄዱ። አማካሪዋ ኮቷን ለብሳ ስትወጣ በሩ ላይ ያዟት።

አራሚዋ ትንፋሿን ሳትሰበስብ «ቅጹ ላይ ስህተት አለ» አለች። «ሁለተኛው መስመር። በሰባት ዓመት ይጎድላል።»

አማካሪዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች። አልተቆጣችም። «የመጀመሪያዋ አይደሉም» ብላ ኮቷን አወለቀች።

አዲሱ ቁጥር ከሁለት መቶ ሠላሳ እናቶች ለአንዷ ሆነ።

«አትደንግጡ» አለች አማካሪዋ። «ሁለት መቶ ሠላሳ እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች ቢሰለፉ ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኙ ይህ አይገጥማቸውም። ግን ተጨማሪ ምርመራ ከምናቀርብላቸው መካከል ገብተዋል። አንዱ በቀጭን መርፌ የእንሽርት ውሃ መውሰድ ነው። ቁርጡን ይናገራል፤ ፅንሱ የመጨናገፍ ጥቂት ስጋት ግን አለው። ሌላው ከክንድዎ ደም ወስደን በውስጡ የሚዘዋወረውን የፅንሱን ዘረመል ማየት ነው። ይኸም ልየታ ነው፣ ቁርጥ አይደለም፤ ግን ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል፤ ልጁንም አይነካም። ውጤቱ አሥር ቀን ይፈጃል።»

ኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተማከሩ።

«ቢሆንስ?» አለች።

«ቢሆን ዛሬ ማወቃችን ጥሩ ነው። ልቧን የሚያይ ሐኪም ቀድመን እናገኛለን። ያሳደጉትን ሰዎች ፈልገን እንጠይቃለን። አንቺ መጽሐፍ ታነቢያለሽ፣ እኔ አንቺ ያልሽኝን እሠራለሁ፤ አሁንም የምሠራው እሱን ነው።» እጇን ያዘ። «እውነቱን ንገሪኝ፤ አሁን ይበልጥ የምትፈሪው ውጤቱን ነው ወይስ እናቴን?»

ትንሽ አሰበች። «እናትህን።»

ደሟን ሰጠች።

ያን አሥር ቀን እናቱ በየቀኑ መጡ። «ምንም የለባትም» ተብለዋልና ደስታቸው ልክ አልነበረውም። የጣት ቁመት የምታክል የሹራብ ካልሲ ሠርተው አመጡ። ሁለተኛዋ ካልሲ የመጀመሪያዋን ሁለት እጥፍ ሆነች፤ «ታድግበታለች» አሉ። አራሚዋ አፏን በከፈተች ቁጥር «ቁጭ በይ ልጄ፣ እግርሽን ስቀዪ» ይሏታል። እሷም እግሯን ትሰቅላለች፤ ቃሉም አብሮ ይሰቀላል።

«እኔ ልንገራት» ይላል ባሏ።

«አይሆንም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የማርመውም እኔ ነኝ።»

በአሥረኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። በማሽኖቹ ጩኸት መካከል የአማካሪዋ ድምፅ «ውጤቱ ደርሷል» ሲላት ወንበሯን ገፍታ ተነሣች።

«እንዳይነግሩኝ! ከባለቤቴ ጋር ነው የምሰማው። አይዝጉት፣ ሁለት ደቂቃ፣ መንገድ ብቻ ነው የምሻገረው!»

ስልኩን በሁለት እጇ እንደ ሙሉ ብርጭቆ ይዛ ተሻገረች። የመነጽር ቤቱን በር በክንዷ ገፋች። ባሏ አለ። ወንበሩ ላይ ደግሞ ያ ከባድ የሙከራ መነጽር አፍንጫቸው ላይ ተጭኖ እናቱ ተቀምጠዋል።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ፊትሽ!» አሉና እጇን ያዙ።

«ክሊኒኩ ነው» አለች ለባሏ። «ውጤቱ።»

እሱ ሌንሱን አስቀመጠና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። አማካሪዋ ጠራ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፦ «ውጤቱን ከመናገሬ በፊት ትክክለኛዋን እናት ማግኘቴን ላረጋግጥ። ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ?»

ነገረቻት።

«ዕድሜዎን?»

ባሏ ድምፅ ማጉያውን ሊያጠፋ እጁን ሰደደ። እጁን ገፋችው። እናቱን አየቻቸው፤ በወፍራሙ ሌንስ ውስጥ ዓይኖቻቸው ሁለት እጥፍ ሆነው ያዩዋታል። ይህ ቁጥር አንዴ ብቻ፣ በትክክል፣ በዚህ ቤት ውስጥ መነገር አለበት።

«ሠላሳ ስምንት» አለች ጮክ ብላ። «ሠላሳ ስምንት ነኝ።»

የእናቱ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ በሒሳብ ሲቀንሱ ነበር። እጇን የያዘው እጃቸው ግን አልላላም። እንዲያውም ጠበቅ አደረጉት።

«ልክ ነው» አለች አማካሪዋ። «እንግዲህ ይስሙኝ። ለሃያ አንደኛው ዝቅተኛ ነው። ለአሥራ ስምንተኛው ዝቅተኛ ነው። ለአሥራ ሦስተኛውም ዝቅተኛ ነው። ሁሉን ነገር ያረጋግጣል ማለት አይደለም፤ በሃያኛው ሳምንት ልቧንና አካሏን በአልትራሳውንድ እናያለን። ግን አሁን በእርስዎ ትክክለኛ ዕድሜ የተሰላ ትክክለኛ ውጤት አለዎት። እንኳን ደስ አለዎት።»

ባሏ ከመሬት አንሥቶ አዞራት፤ ወዲያው ነፍሰ ጡር መሆኗ ትዝ አለውና በድንጋጤ እንደ ሸክላ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ መነጽሯን ሳመ። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ስልኩ ውስጥም አማካሪዋ ትስቃለች።

ከዚያ ሁለቱም ወደ ወንበሩ ዞሩ።

«እማማ» አለች እሷ። «ያኔ ዋሸሁዎት። ልጅዎን እንዳያስቀሩብኝ ፈርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

እናቱ ከባዱን መነጽር ቀስ ብለው አወለቁ። «አምና ሠላሳ፣ ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት» አሉ። «አርባ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንዲህ ያለ ድምር አላየሁም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ ታውቅ ነበር?»

«አዎ እማዬ።»

«ዝም በል።» እንደገና ወደ እሷ ተመለሱ፤ ዓይናቸው ውሃ አቅርሯል። «ያኔ ብትነግሪኝ እምቢ እል ነበር። ምን እዋሻለሁ? እምቢ እል ነበር። ይኸው አንቺን አጥቼ፣ ይህን ሁሉ አጥቼ፣ አስተዋይ ነኝ ብዬ እቀመጥ ነበር።»

ተነሥተው ሁለቱንም ጉንጮቿን በመዳፋቸው ያዙ።

«አንቺ ልጅ» አሏት፤ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የት ቆየሽብን?»